የጣና ዓሦች በክረምት ወደ ወንዝ ስለ መውጣታቸው

፩ የወንዝ አፍ ምን እንደ ሆነ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሲ.ኤም.ሲ ሰፈር በላይ፣ የየካና የእንጦጦ ተራራ ተያይዞ ይታያል። ይህ ተራራ ውኃ ከፋይ ነው። በክረምት ዝናም በጫፉ ላይ በወረደ ጊዜ፣ ወደ ደቡብ ያዘነበለው ውኃ እንደ ቀበና ባሉት ወንዞች ወርዶ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ባንድ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናም ነጠብጣቦች እንዲህ ተለያይተው ይቀራሉ። የአንዱ መንገድ በአፋር በረሓ አልፎ በአቤ ሐይቅ ያበቃል፤ የሁለተኛው መንገድ ግን ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ እስከ ሜዲቴራንያን ባሕር ይደርሳል።

ወንዝ ሁሉ መነሻ እንዳለው መድረሻም አለው። ወንዙ ከባሕር ወይም ከሐይቅ የሚገባበት ስፍራ የወንዝ አፍ ይባላል። በዚያ ስፍራ ሁለት ዓይነት ውኃ ይገናኛል። ወንዙ የሚገባው ከባሕር እንደ ሆነ፣ ጣፋጩ ውኃ ከጨዋማው ጋራ ይደባለቃል። የሚገባው ከሐይቅ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የሚሮጠው ውኃ ከቆመው ውኃ ጋራ ይደባለቃል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከሚመላለሱት ዓሦች ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ባንድ ቦታ አይቀመጡም። ዝናም መጥቶ ወንዙ ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ውኃው ሲጎድል ይመለሳሉ።

ይህ ነገር በብዙ አገር የታወቀ ነው። በሰሜን አውስትራልያ ባራመንዲ የተባለው ትልቅ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጨዋማ ውኃ ባለበት በወንዝ አፍ አጠገብ ነው። ጫጩቶቹ ግን በዝናም ወራት ጎርፉ ወደ ሸፈነው ረግረግና ወደ ወንዙ ገብተው ምግብ እየበሉ ያድጋሉ። በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ያለው ሂልሳ የተባለው ዓሣ ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው። እርሱ ከባሕር ተነሥቶ በባንግላዴሽና በህንድ ወንዞች ሽቅብ ይወጣና እንቁላሉን በጣፋጭ ውኃ ይጥላል። ስለዚህ ዓሦች ወደ ወንዝ የሚወጡበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ለመብል፣ አንዱ ለመራባት፣ አንዱም ከጠላት ለመሸሸግ ይወጣል።

የኢትዮጵያ ወንዞች በአገሩ ውስጥ ከባሕር አይገናኙም። ዳሩ ግን የጣና ሐይቅ ለዓሦቹ እንደ ባሕር ነው፤ ወደ እርሱ የሚገቡት ወንዞችም እንደ ባሕር ወንዞች የዓሣ መንገዶች ናቸው። በየክረምቱ በነዚህ ወንዞች የሚደረገው ጉዞ እጅግ የሚያስደንቅ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ግን ልብ ብሎ አይመለከተውም።

፪ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓሦቹ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንዲህ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ እጅግ በጠለቀው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ከሚገቡበት ወንዞች ታላላቆቹ አራት ናቸው። እነርሱም ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ፣ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ጉማራና ርብ፣ ከጎንደር ደጋ የሚመጣው መገጭ ናቸው። ከነዚህም ሌላ እንደ ጌልዳ፣ እንደ አርኖ ጋርኖና እንደ ድርማ ያሉ አነስተኛ ወንዞች አሉ። ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው።

ዓባይ ከባሕር ዳር ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ከሚያህል ገደል ይወድቃል። ከገደሉ በታች ያለ ዓሣ ይህን ሁሉ ከፍታ ዘሎ ወደ ላይ ሊመጣ አይችልም። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመት ብቻቸውን ኖረዋል።

ዓሣ አጥማጆች ከጣና የሚያወጡት ዓሣ በሦስት ወገን ይከፈላል። ፊተኛው ቀረሶ፣ ሁለተኛው አምባዛ፣ ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ይባላል። ቀረሶና አምባዛ በሌሎችም የአፍሪካ ሐይቆችና ወንዞች ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ የተባለው ግን በሊቃውንት ዘንድ ላቤዮባርቡስ የሚባለው ሲሆን፣ አንድ ዓይነት ሳይሆን የብዙ ዓይነት ዓሦች ስብስብ ነው።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1825 ዓ.ም. ወደ ጎንደርና ወደ ጣና መጥቶ ነበር፤ ከነዚህም ዓሦች ጥቂቶቹን ገልጦ በመጽሐፍ ጻፈ። ከርሱ በኋላ ግን ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁሉ አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው ብለው አሰቡ። በ1992 ዓ.ም. ገደማ የሆላንድ አገር ሊቃውንት ሌኦ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የአፋቸውን፣ የራሳቸውንና የአካላቸውን ቅርጽ እየለኩ፣ ምግባቸውንም እየመረመሩ 15 ልዩ ልዩ ዓይነት መሆናቸውን ገለጡ። ከነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የነጭ ዓሣ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውምና በሌላ አገር አዳኝ ሲሆን እምብዛም አይታይም። ከነዚህ ዓይነቶች የሚበዙት ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከጣና የጠፉ እንደ ሆነ ከምድር ሁሉ ጠፉ ማለት ነው።

፫ የክረምቱ ጉዞ

በበጋ ወራት ነጭ ዓሣ በሐይቁ ተበትኖ ይኖራል። አንዳንዱ ዓይነት በባሕሩ ዳር በድንጋይና በሣር መካከል፣ አንዳንዱ በሰፊው ውኃ ላይ፣ አንዳንዱም ከታች በጭቃው አጠገብ ምግቡን ይፈልጋል። ሰኔ ገብቶ ዝናም በጠነከረ ጊዜ ግን ከነዚህ ዓይነቶች ብዙዎቹ ወደ ወንዞቹ አፍ መሰብሰብ ይጀምራሉ። የወንዙ ውኃ እየሞላ፣ እየቀዘቀዘና እየደፈረሰ ወደ ሐይቁ ሲገባ ለዓሦቹ እንደ ጥሪ ይሆናቸዋል። በሐምሌ የሴቶቹ ሆድ በእንቁላል ይሞላል።

ከዚህ በኋላ በነሐሴና በመስከረም ወንዙን እየቀዘፉ ሽቅብ ይወጣሉ። ጉዟቸው በአብዛኛው ሲመሽና በሌሊት ነው። ሁሉም ዓይነት ባንድ ሳምንት አይመጣም፤ አንዱ ዓይነት ይቀድማል፣ ሌላውም ይከተላል። በዚህ መለያየት ምክንያት የአንዱ ዘር ከሌላው እንዳይደባለቅ እንደሚረዳ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ዓሦቹ በትልቁ ወንዝ ላይ አይቆሙም። ትልቁ ወንዝ በክረምት ከደጋ በመጣ አፈር የደፈረሰ ነው። ስለዚህ ከትልቁ ወንዝ ወደሚገቡት ትንንሽ ወንዞችና ጅረቶች እየተጠጉ፣ ውኃው የጠራበትን፣ ጥልቀቱ ያነሰበትን፣ ፈጥኖ የሚሮጥበትንና ከሥሩ ጠጠር ያለበትን ስፍራ ይመርጣሉ። ሴቲቱ እንቁላሏን በጠጠሩ ላይ ትጥላለች፤ ወንዱም በዚያው ጊዜ ዘሩን ያፈስበታል። ይህን ከፈጸሙ በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

ከ15ቱ ዓይነት ወደ ወንዝ ሲወጡ በግልጥ የታዩት 8 ያህሉ ናቸው። የቀሩት በሐይቁ ውስጥ ወይም በዳርቻው እንደሚራቡ ይታሰባል። ይህን ነገር ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋራ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማና በአርኖ ጋርኖ ወንዞች መረብ እየጣሉ መርምረውታል።

፬ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ የሚወጡት ስለ ምን ነው?

ሐይቁ ሰፊ፣ ምግቡም ብዙ ሲሆን ዓሦቹ ስለ ምን ይህን ያህል ይደክማሉ ቢሉ፣ መልሱ በእንቁላሉ ዘንድ ይገኛል። እንቁላል ሕይወት ያለው ነገር ነውና መተንፈስ ይሻል። በውኃ ውስጥ ያለው አየር፣ ማለት ኦክሲጅን የተባለው፣ እየዳሰሰው ማለፍ አለበት። የጣና ሐይቅ ወለል በሚበዛው ጭቃ ነው፤ ጥልቀቱም ጥቂት ስለ ሆነ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ማዕበሉ ጭቃውን ያነሣዋል። በዚያ ላይ የወደቀ እንቁላል በጭቃ ተሸፍኖ ይታፈናል።

በጅረቱ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውኃው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ ሲወርድ ብዙ አየር ይይዛል። በጠጠሮቹም መካከል ትንንሽ ክፍት ቦታ ስላለ ውኃው በዚያ ያልፋል፤ እንቁላሉም በጠጠር መካከል ተሸሽጎ ከሚበሉት ጠላቶች ይድናል። እንግዲህ ጠጠሩ ለእንቁላሉ አልጋም፣ ቤትም ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የዘር ልማድ ነው። የነጭ ዓሣ አባቶች የወንዝ ዓሦች ነበሩ። የሐይቁን ደለል የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት ጣና ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ከኖረ በኋላ እንደ ገና ሞልቷል። በወንዝ ይኖሩ የነበሩት ዓሦች ወደ ሐይቁ ገብተው ልዩ ልዩ ዓይነት ሆኑ፤ ብዙዎቹ ግን ለመራባት የአባቶቻቸውን ውኃ አልተዉም።

፭ ስለ ጫጩቶቹና ስለ አምባዛ

እንቁላሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ መጀመሪያ በጠጠሩ መካከል ይቀመጣሉ። ኋላም ጉልበት ሲያገኙ ውኃው ቀስ ወዳለበት ኩሬ እየወረዱ ጥቃቅን ነፍሳትን ይበላሉ። ክረምቱ አልፎ ጅረቱ እየጎደለ ሲሄድ ወደ ትልቁ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ ዳርቻ ይደርሳሉ። በሐይቁ ዳር ያለው ደንገልና ቄጠማ ጠንክረው እስኪያድጉ ድረስ መሸሸጊያ ይሆናቸዋል። ጅረቱ ያለ ጊዜው የደረቀ እንደ ሆነ ግን ጫጩቶቹ በኩሬ ውስጥ ተዘግተው ይቀራሉ፤ ወፍ ይበላቸዋል፣ ወይም ውኃው ሲያልቅ ያልቃሉ።

አምባዛ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እርሱ ሽቅብ ብዙ አይደክምም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ በፈሰሱ ጊዜ፣ አምባዛ በጎርፍ ወደ ተሸፈነው ሣር ይወጣል። በዚያም ትሉንና ነፍሳቱን ይበላል፤ የሚጣበቅ እንቁላሉንም በሣሩ ላይ ይጥላል። ከስንጥቡ በላይ ከአየር የሚተነፍስበት ልዩ ዕቃ ስላለው በረግረግና በቀጭን ውኃ ውስጥም ሊኖር ይችላል።

ቀረሶ ከሁለቱም ይለያል። እርሱ እንቁላሉን በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ይጥላል፤ ሴቲቱም እንቁላሏን ባፏ ይዛ እስኪፈለፈል ድረስ ትጠብቃለች። ስለዚህ በጣና ካሉት ዓሦች ሁሉ በወንዙ መልካምነት የሚኖረው፣ በወንዙም መበላሸት የሚጎዳው ይልቁንም ነጭ ዓሣ ነው።

፮ በነጭ ዓሣ ላይ የደረሰው ጉዳት

የወይጦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ በሐይቁ ዳር ዳር እየቀዘፉ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ታንኳው ከዳር ርቆ ስለማይሄድ የሚያዘው ዓሣ መጠን ነበረው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግን የሞተር ጀልባና ከናይሎን ክር የተሠራ ረዥም መረብ በጣና ገባ። ይህም ለብዙ ሰዎች ሥራና እንጀራ ሰጠ፤ ዓሣውም በአዲስ አበባ ገበያ ይሸጥ ጀመር።

ዳሩ ግን ነጭ ዓሣ በሐምሌና በነሐሴ በወንዝ አፍ የሚሰበሰብ መሆኑ ለአጥማጁ ትርፍ፣ ለዓሣው ጥፋት ሆነ። ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የኖረው ዓሣ በዚያ ወራት በጠባብ ስፍራ ተከማችቶ ይገኛል። በወንዙ አፍ መረብ የጣለ ሰው በጥቂት ሰዓት ብዙ ዓሣ ያወጣል። የሚያወጣው ግን ሆዱ እንቁላል የሞላውን ነው። ባንዲቱ ሴት ዓሣ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች በሺህ የሚቆጠሩ ስለ ሆኑ፣ ሰውየው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ በመረቡ ይዞ ይሄዳል። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለመራባት ጥቂት ዓመት የሚቆይ ስለ ሆነ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

በአንዳንድ ስፍራም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በወንዙ ውስጥ ይጨመራል። ብርብራ ዓሣውን ያደነዝዘዋል፤ ሰዎችም በእጃቸው ይለቅሙታል። ነገር ግን መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚበላቸውን ነፍሳትም ይገድላል።

በነዚህ ምክንያቶች ከ1983 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ፣ ሊቃውንት ለምርመራ በጣሉት መረብ የተያዘው የነጭ ዓሣ ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ቀነሰ። ከሁሉ ይልቅ የቀነሱት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች ናቸው።

ጥፋቱ ከመረብ ብቻ አይደለም። በጉናና በጎንደር ደጋ ዛፍ ተቆርጦ ገደሉ በታረሰ ጊዜ፣ ዝናሙ አፈሩን አጥቦ ወደ ጅረቱ ያወርደዋል፤ ጠጠሩም በደለል ይሞላል። ለቤትና ለመንገድ ሥራ ጠጠርና አሸዋ ከወንዙ ሥር ሲወጣ እንቁላል መጣያው አብሮ ይሄዳል። በበጋ የወንዙ ውኃ ሁሉ በሞተር ተስቦ ወደ እርሻ ሲገባ ጫጩቱ መመለሻ ያጣል። በግልገል ዓባይ ገባር በቆጋና በርብ ወንዝ ላይ ለመስኖ ታላላቅ ግድቦች ተሠርተዋል። ግድብ ለገበሬው ጥቅም ነው፤ ዓሣ ግን ግድብ መዝለል አይችልምና ከግድቡ በላይ ያለው ጠጠር ለርሱ የተዘጋ ቤት ይሆንበታል።

፯ ሊደረግ የሚገባው

የዚህ ነገር መድኃኒት አስቸጋሪ አይደለም። ዓሣው በዓመት ውስጥ በጥብቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ጥቂት ሳምንት፣ በጥብቅ የሚያስፈልገውም ስፍራ ጥቂት ነው። ባንግላዴሽ ከላይ ለተነገረው ለሂልሳ ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ወራት ለ22 ቀን ያህል ማጥመድ ትከለክላለች። በኢትዮጵያም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ታውጇል፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ አውጥቷል። የጣና ሐይቅና ዙሪያውም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተጠበቁ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ሆኖም ሕግ የሚጠበቀው የአገሩ ሰው ምክንያቱን ሲያውቀው ነው።

ስለዚህ አጥማጁ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ከወንዝ አፍ መረቡን ቢያርቅና በዚያ ወራት በሐይቁ ውስጥ ቀረሶን ቢያጠምድ ይሻለዋል። የመረቡም ዓይን ሰፋ ያለ ቢሆን ትንሹ ዓሣ ያመልጣል። ድኻ አጥማጅ የዛሬ እራቱን ትቶ ስለ ሚመጣው ዓመት እንዲያስብ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚሆነው አጥማጆች ሁሉ ተስማምተው በአንድነት ሲጠብቁት ነው። አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ቢያጠምድ፣ የጠበቀው ይራባል፣ ዓሣውም አይተርፍም።

ገበሬውም ጅረቱን ተጠግቶ እስከ ዳሩ ባያርስ፣ በወንዙ ዳር ሣርና ዛፍ ቢተው፣ የእርሻውን አፈር በእርከን ቢይዝ ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ አፈሩ ከማሳው አይሄድበትም፣ ጠጠሩም ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። በፋርጣ ደጋ የሚኖር ገበሬ ጣናን በዓይኑ ሳያይ ሊያረጅ ይችላል። ይሁን እንጂ ከደጁ በታች ባለው ጅረት፣ ጕልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ፣ በነሐሴ ሌሊት እንቁላሉን የሚጥለው ዓሣ ከሐይቁ የመጣ ነው። ልጆችም ከብት ሲጠብቁ በጅረቱ ያዩትን ጫጩት በብርብራ ባይገድሉት፣ ያው ጫጩት ከዓመታት በኋላ በባሕር ዳር ወይም በጎርጎራ ለአንድ አጥማጅ ቤተ ሰብ ምግብ ይሆናል።

ወንዝና ሐይቅ በስም ሁለት ናቸው፤ ለዓሣው ግን አንድ ቤት ናቸው። የቤቱ አንድ ወገን ሲፈርስ በሁለተኛው ወገን ብቻ መኖር አይቻለውም።

ለተማሪዎች ጥያቄ

1. የወንዝ አፍ ማለት ምን ማለት ነው? በመንደራችሁ አጠገብ ያለው ወንዝ ወዴት ይገባል?
2. የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ተለይተው የቀሩት በምን ምክንያት ነው?
3. ነጭ ዓሣ እንቁላሉን በሐይቁ ጭቃ ላይ ትቶ በጅረት ጠጠር ላይ የሚጥለው ስለ ምን ነው?
4. ነጭ ዓሣ፣ አምባዛና ቀረሶ በመራባታቸው እንዴት ይለያያሉ?
5. በነሐሴ በወንዝ አፍ የተጣለ መረብ በጥር በሐይቁ መካከል ከተጣለ መረብ ይልቅ የሚጎዳው እንዴት ነው?